የይገባኛል ጥያቄ ለማን ግልጽ ነው? የጤፍ ዱቄት ፓተንት ከመርሐቤቴና ከመንዝ ሲነበብ

በፓተንት ሰነድ ውስጥ ብዙውን ገጽ የሚይዘው መግለጫው ነው። መብቱን የሚሸከመው ግን በሰነዱ መጨረሻ የሚመጣው፣ የይገባኛል ጥያቄ ወይም በባለሙያዎች አነጋገር ክሌም የሚባለው ጥቂት ዐረፍተ ነገር ነው። መግለጫው ፈጠራው ምን እንደሆነና እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል። የይገባኛል ጥያቄው ደግሞ ባለመብቱ ሌላውን ሰው እስከ የት ድረስ ሊከለክል እንደሚችል ወሰን ያሰምራል። ወሰኑ በቃላት የተሰመረ በመሆኑ ቃላቱ ለማን ግልጽ መሆን አለባቸው የሚለው ጥያቄ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ መብቱ ማንን እንደሚነካ ይወስናል።

በዚህ ጉዳይ ሕጎች የሚሰጡት መልስ በጥቅሉ ተመሳሳይ ነው። የአውሮፓ ፓተንት ስምምነት አንቀጽ 84 የይገባኛል ጥያቄዎች ጥበቃ የሚጠየቅለትን ነገር እንዲወስኑ፣ ግልጽና እጥር ምጥን ያሉ እንዲሆኑ፣ በመግለጫውም እንዲደገፉ ያዛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በናውቲለስና በባዮሲግ ክርክር የሰጠው ውሳኔ፣ የይገባኛል ጥያቄው በዘርፉ ለሠለጠነ ሰው የፈጠራውን ወሰን በተመጣጣኝ እርግጠኝነት ማሳወቅ አለበት የሚል ነው። በሁለቱም ሥርዓት መለኪያው «የሠለጠነው አንባቢ» ነው። ይህ ሰው በሕግ የተፈጠረ ምናባዊ ሰው ነው፤ የሙያውን የተለመደ ዕውቀት ሁሉ ያውቃል፣ መፍጠር ግን አይችልም። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የይግባኝ ቦርዶች ደግሞ ሰነዱን ለመረዳት ፈቃደኛ በሆነ አእምሮ የሚያነብ ሰው ነው ይሉታል፤ ነገር ፈልጎ ቃል የሚሰነጥቅ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሠለጠነውን አንባቢ ከምናብ አውጥቶ በሰሜን ሸዋ ያስቀምጠዋል። የሚያነበው ሰነድም የታወቀ ነው፦ ለኔዘርላንዱ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 2007 የተሰጠው የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮፓ ፓተንት። ስለዚህ ፓተንት የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በፍትሐዊነት ላይ ነው፤ የአገር ሀብት ተወሰደ ወይስ አልተወሰደም፣ ጥቅሙ ተጋራ ወይስ አልተጋራም። ይህ ተገቢ ክርክር ቢሆንም የይገባኛል ጥያቄውን ዐረፍተ ነገር ቃል በቃል ያነበበ ሰው ጥቂት ይመስለኛል። ችግሩ የሚጀምረው ግን ከዚያ ዐረፍተ ነገር ነው።

ዐረፍተ ነገሩ ምን ይላል?

የመጀመሪያው የይገባኛል ጥያቄ ፍሬ ነገር በአማርኛ ሲገለጽ የሚከተለውን ይመስላል። ጥበቃ የተጠየቀው ለዱቄት ነው። ዱቄቱ ጤፍ ከሚመደብበት ኢራግሮስቲስ ከተባለው ወገን ከሆነ እህል የተገኘ ነው። መለያው ደግሞ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250፣ ቢመረጥ ቢያንስ 300፣ ይበልጥ ቢመረጥ 340፣ ከሁሉ ቢመረጥ 380 መሆኑ ነው። ሌሎቹ የይገባኛል ጥያቄዎች ከዚህ በመነሣት ከዱቄቱ እስከሚሠራው ሊጥና ምግብ ድረስ ይዘልቃሉ።

በእህል ላቦራቶሪዎች ፎሊንግ ነምበር የሚባለውና እዚህ የመውደቂያ ቁጥር ያልነው ልኬት ለስንዴና ለአጃ የተዘጋጀ ነው። 7 ግራም ያህል ዱቄት፣ በእርጥበቱ መጠን ተስተካክሎ፣ ከ25 ሚሊ ሊትር ውኃ ጋር በመስታወት ቱቦ ይበጠበጥና በሚፈላ ውኃ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ማማሰያው እስከ 60ኛው ሰከንድ ካማሰለ በኋላ ይለቀቃል፤ በወፈረው ሙቅ ውስጥ የተወሰነ ርቀት እስኪወርድ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ያለው ጠቅላላ ሰከንድ የመውደቂያ ቁጥር ነው። እህሉ አቆጥቁጦ ወይም ሳይበስል ታጭዶ አልፋ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ከበዛበት ስታርቹ ይሰባበራል፣ ሙቁ ይቀጥናል፣ ማማሰያው ቶሎ ይወድቃል፣ ቁጥሩም ዝቅ ይላል። ጥሩ የዳቦ ስንዴ ሲገበያይ 250 ወይም 300 ሰከንድ የተለመዱ ደረጃዎች ናቸው። የፓተንቱ ባለቤቶች ያሉት ነገር አዲስ የታጨደ ጤፍ ጥቂት ሳምንታት ቢቀመጥ ይህ ቁጥር ከፍ ይላል፣ ዱቄቱም ለመጋገር ይሻላል ነው። ግሉተን የሌለው ዱቄት ለሚፈልገው የአውሮፓ ገበያ ነገሩ ትርጉም ነበረው።

እስከዚህ ድረስ ዐረፍተ ነገሩ ግልጽ ይመስላል። ቁጥር አለው፤ ቁጥር ደግሞ «ቀጭን»፣ «ጥሩ»፣ «በቂ» ከሚሉት ቃላት ይልቅ የጠራ ነው ተብሎ ይታመናል። የአመልካቾች ጠበቆችም ይህን ስለሚያውቁ ለግልጽነት ሲጠየቁ ቁጥር ያስገባሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ቁጥሩ ራሱ የግልጽነት ጉድለት ሊሆን ይችላል የሚል ነው፤ ይህም በሦስት ቦታ ይታያል።

በወሰኑ ውስጥ መሆንን ማወቅ

የመርሐቤቴ ገበሬ ጤፉን ከኅዳር ጀምሮ ያጭዳል፣ ይከምራል፣ በዐውድማ ይወቃል፣ በጎተራ ወይም በጆንያ ያስቀምጣል። ከጎተራው እያወጣ ዓመቱን ሙሉ ያስፈጫል። በዓለም ከተማ ገበያ በሚያዝያና በግንቦት የሚሸመተው ጤፍ ወራት ያለፉት ነው። መንዝና ግሼ በአብዛኛው የገብስ አገር ናቸው፤ ደጋው ጤፉን ከወይና ደጋው ሲሸምት ከአጨዳ እስከ ወፍጮ ያለው ጊዜ ከሳምንታት ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ ጤፍን አስቀምጦ ማስፈጨት እንደ ዘዴ የሚጠቀስ ነገር አይደለም፤ እህል በዓመት አንድ ጊዜ በሚገባበት አገር የመኖር ግዴታ ነው። በዚህም ምክንያት፣ በመግለጫው እንደተባለው መቆየት ቁጥሩን ከፍ የሚያደርግ ከሆነ፣ በሰኔ ወር በዓለም ከተማ ወፍጮ ቤት የሚወጣ ዱቄት ከ250 በላይ የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው።

ይህን ግን ባለ ወፍጮው አያውቅም፣ ማወቅም አይችልም። ጤፍን የሚያውቅበት የራሱ ቋንቋ አለው፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። እነዚህ ቃላት ለሚጠቀምባቸው ሰው ጥርት ያሉ ናቸው፤ ሰርገኛ ምን እንደሆነ በዓለም ከተማ ገበያ የሚከራከር የለም። ጋጋሪዋም ሊጥ ማንሳቱን፣ እንጀራው ዓይን ማውጣቱን፣ ማደሩን ታውቃለች። በሁለቱ ዕውቀት ውስጥ ሰከንድ የሚቆጥር ማማሰያ የለም። እዚህ ላይ ጥያቄው እነዚህ ሰዎች «በዘርፉ የሠለጠኑ» ናቸው ወይ የሚለው ነው። የፓተንት ሕግ የሠለጠነውን ሰው ሲመርጥ ፈጠራው ችግር ከሚፈታበት ሙያ ይነሣል። ሙያው የጤፍ ዱቄት ማዘጋጀት ከሆነ ከእነዚህ ሰዎች የሚበልጥ ልምድ ያለው የለም። ሙያው የእህል ቴክኖሎጂ ነው ከተባለ ግን ሠልጣኙ በስንዴ ላቦራቶሪ ያደገ፣ ጤፍን እንደ አዲስ ጥሬ ዕቃ የሚመለከት አውሮፓዊ ይሆናል። አመልካቹ መለኪያውን ሲመርጥ አንባቢውንም አብሮ መረጠ ማለት ነው።

ከዚህ የከፋ ውጤት አለ። ጤፍን በመውደቂያ ቁጥር የገለጸ ቀዳሚ ጽሑፍ ማግኘት ለመርማሪው አስቸጋሪ ነው፤ ልኬቱ የስንዴ ነውና። ያልተለመደ መለኪያ ቀድሞ የነበረን ነገር አዲስ ያስመስላል። ዱቄቱ ለሺህ ዓመታት በገበያ ላይ ቢኖርም ቁጥሩ ተለክቶ አልተጻፈም። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ የይግባኝ ሰፊ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1992 በሰጠው ጂ 1/92 አስተያየት፣ በሕዝብ እጅ ያለ ምርት ሊተነተን የሚችል እስከሆነ ድረስ ይዘቱ የታወቀ እንደሆነ ይቆጠራል ብሏል። መርሁ ለእኛ ጠቃሚ ነው። ይሁን እንጂ የማስረዳቱ ሸክም ምርቱ ቀድሞ እንዲያ ነበር በሚለው ወገን ላይ ይወድቃል፤ ያ ወገን ደግሞ ላቦራቶሪ ያስፈልገዋል።

ቁጥሩና ከፍታው

ሁለተኛው ጉዳይ በክርክሩ ውስጥ ሲነሣ ያላየሁት ነው፤ ለሰሜን ሸዋ ግን ዋነኛው ይመስለኛል። ልኬቱ የሚከናወነው በሚፈላ ውኃ ውስጥ ነው። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው በባሕር ጠለል ነው፤ ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ከ2,200 ሜትር በላይ በሆነችው በዓለም ከተማ ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ 3,000 ሜትር አካባቢ ባለው የመንዝ ደጋ ደግሞ በ90። ባቄላ ለመቀቀል ደጋ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ይህ አያስደንቀውም።

የመውደቂያ ቁጥር ከፍታ ሲጨምር አብሮ እንደሚጨምር በስንዴ የታወቀ ነው። ስታርቹ በዝግታ ይሞቃል፣ ሙቁ እስኪቀጥን ጊዜ ይወስዳል፣ ማማሰያው ዘግይቶ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የእህል ኬሚስቶች ማኅበር ዘዴ ከባሕር ጠለል 600 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ባሉ ላቦራቶሪዎች የተገኘ ቁጥር እንዲስተካከል ያዝዛል። ማስተካከያው የተሠራው ለስንዴ ነው። የጤፍ ስታርች ቅንጣቶች ደግሞ ደቃቅ ናቸው፤ ገረመው ቡልቶሳና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት የጤፍ ስታርች ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቀት እንደሚወፍር፣ የቅንጣቶቹም መጠን ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር እንደሆነ ተመልክቷል። በ90 ዲግሪ ውኃ ውስጥም ሙቁ ይወፍራል፤ የስንዴው ማስተካከያ ለጤፍ በትክክል ይሠራል ለማለት ግን የጤፍ መረጃ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ምሳሌ እናስብ። ከአንድ ጎተራ የወጣ ጤፍ ለሁለት ይከፈል። አንዱ እኩሌታ በሔግ፣ ሌላው በመሐል ሜዳ ይለካ። በሔግ 240 የሆነው በመሐል ሜዳ 260 ቢሆን፣ ያው እህል በአንዱ ቦታ ከወሰኑ ውጭ፣ በሌላው ከወሰኑ ውስጥ ይሆናል። የይገባኛል ጥያቄው 250 አለ እንጂ በምን የአየር ግፊት ሥር አላለም። እርግጥ ነው፣ ፈቃደኛ አእምሮ ያለው አንባቢ «በተለመደው መንገድ» ብሎ ይሞላዋል፤ ለኔዘርላንድስ አንባቢ የተለመደው መንገድ የባሕር ጠለል ነው። ፓተንቱ በኢትዮጵያ ውስጥ ተፈጻሚ ስላልነበረ ጥያቄው ባዶ ክርክር ሊመስል ይችላል። አይደለም። ከላይ እንደተባለው ምርቱ ቀድሞ ነበር ብሎ የማስረዳት ሸክም የተቃዋሚው ነው። አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የመርሐቤቴ ጤፍ ከጥንት ጀምሮ ከ250 በላይ እንደነበር ለማስረዳት በአዲስ አበባ ወይም በደብረ ብርሃን ለክቶ ቢያቀርብ፣ የባለመብቱ ጠበቃ የመጀመሪያ መልስ ቁጥሩ በከፍታ ተጋንኗል የሚል ይሆናል። መልሱም ከሳይንስ አንጻር ትክክል ነው። ጤፍ የሚበቅልበትና የሚጠናበት አገር በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ በመሆኑ፣ መለኪያው ያልተገለጸ ቁጥር ማስረጃውን ሁሉ ከጅምሩ አከራካሪ ያደርገዋል።

መለኪያው ያልታወቀ ቁጥር የይገባኛል ጥያቄን ሊያፈርስ እንደሚችል ሌላ አገር ታይቷል። በቴቫና በሳንዶዝ መካከል በነበረው የአሜሪካ ክርክር የይገባኛል ጥያቄው ስለ አንድ መድኃኒት «ሞለኪዩላዊ ክብደት» ይናገር ነበር። ሞለኪዩላዊ ክብደት በሦስት መንገድ ሊሰላ ይችላል፤ ሰነዱም የትኛው እንደሆነ አልለየም። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ከተመለሰ በኋላ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ጥያቄዎቹን ግልጽ አይደሉም ብሎ ውድቅ አደረጋቸው። ቁጥሩ በትክክል ተጽፏል፤ ቁጥሩ የምን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

በአውሮፓ ይህ መንገድ ዝግ ነው። አንቀጽ 84 የሚሠራው ፓተንቱ ከመሰጠቱ በፊት በመርማሪው ፊት ነው። ከተሰጠ በኋላ ባለው የ9 ወር የተቃውሞ ጊዜም ሆነ በአገር ፍርድ ቤት፣ ግልጽ አለመሆን ለብቻው የመሻሪያ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ጂ 3/14 ውሳኔም በተቃውሞ ወቅት ግልጽነት የሚመረመረው ማሻሻያው ራሱ ባመጣው ጉድለት ልክ ብቻ እንደሆነ አጽንቷል። መርማሪው ያሳለፈው ጭጋግ እስከ ፓተንቱ ዕድሜ ፍጻሜ አብሮት ይኖራል ማለት ነው። በግሌ ይህን የሥርዓቱ ትልቁ ድክመት አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የጤፉ ፓተንትም የወደቀው በግልጽነት ሳይሆን በሌላ በር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2005 በብዝሀ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና በግብርና ምርምር ድርጅት በኩል ከኩባንያው ጋር የጥቅም መጋራት ስምምነት ተፈራረመች። ስምምነቱ በጤፍ የዘረመል ሀብት ላይ የአእምሯዊ ንብረት መብት መጠየቅን ይከለክል ነበር፤ የፓተንቱ ማመልከቻ ግን የዘረመል ሀብትን ሳይሆን ዱቄትን ይጠቅስ ነበርና በሁለቱ ሰነዶች ቃላት መካከል ክፍተት ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2009 ከሰረ፤ ፓተንቱ ግን አብሮ አልከሰረም፣ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ። በኋላ ኤንሸንትግሬን የተባለው ባለመብት ቤከልስ የተባለውን የዳቦ መጋገሪያ ግብአት አምራች ከሰሰ፤ የሔግ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ኅዳር 21 ቀን 2018 ፓተንቱ የፈጠራ ብቃት የለውም ብሎ በኔዘርላንድስ ዋጋ አሳጣው። የአንድ አገር ፍርድ ቤት ውሳኔ ፓተንቱ በተመዘገበባቸው ሌሎች አገሮች በራሱ አይሠራም። ሙግቱን ያነሣው አዲስ አበባም አልነበረም፤ በንግድ ተፎካካሪነት የተከሰሰ የኔዘርላንድስ ድርጅት ነው። ከ2007 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ወሰኑ በወረቀት ላይ ቆመ።

ዐረፍተ ነገሩ ወደ አማርኛ ሲገባ

ሦስተኛው ጉዳይ የቋንቋ ነው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 የራሳችንን የፓተንት ሥርዓት ካቆመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በነጋሪት ጋዜጣ ከወጡት ሕጎች የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና አለው። የይገባኛል ጥያቄ ሕግ ባይሆንም ሦስተኛ ወገንን የሚከለክል ጽሑፍ በመሆኑ፣ በአማርኛ እንዴት ይጻፋል የሚለው ጥያቄ ለሕግና ለቋንቋ ተመራማሪዎች የጋራ ነው። ብዙም አልተሠራበትም።

የይገባኛል ጥያቄ በዓለም አቀፍ ልማድ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በመጀመሪያ የታወቀው ነገር ይጠራል፣ ቀጥሎ «መለያውም» ተብሎ አዲሱ ነገር ይዘረዘራል። ይህ ቅርጽ የተወለደው ስም ቀድሞ ገላጩ በሚከተልባቸው ቋንቋዎች ነው። በአማርኛ ገላጩ ይቀድማል፣ ስሙ ይከተላል፣ ግሡ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። የጤፉን የይገባኛል ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ወደ አማርኛ ያመጣ ሰው የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፦ «በሚፈጭበት ጊዜ የመውደቂያ ቁጥሩ ቢያንስ 250 የሆነ የጤፍ እህል ዱቄት»። እዚህ ላይ «250 የሆነ» የሚለው ሐረግ የሚገልጸው እህሉን ነው ወይስ ዱቄቱን? ሰዋስው ሁለቱንም ይፈቅዳል። «ቁጥሩ» የሚለው ቃል አገናዛቢ ቅጥያም ወደየትኛውም ሊመለስ ይችላል። «በሚፈጭበት» የሚለው ወደ እህሉ ያዘነብላል፤ ዱቄት አይፈጭምና። ነገር ግን ልኬቱ የሚሠራው በዱቄት ላይ ስለሆነ የላቦራቶሪው ሰው ዱቄቱን ይይዛል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቁጥሩ የእህሉ ከሆነ፣ ከተፈጨ በኋላ ለወራት የቆየ ዱቄትን ወስዶ መለካት ምንም አያስረዳም፤ መብቱን የሚወስነው እህሉ በወፍጮው አፍ በነበረበት ቅጽበት የነበረው ሁኔታ ነው፣ ያ ቅጽበት ደግሞ አልፏል። ቁጥሩ የዱቄቱ ከሆነ ግን ከመደብር መደርደሪያ አንሥቶ መለካት ይቻላል። በአውሮፓው ቅጂ ቁጥሩ የእህሉ መሆኑ ተጽፏል፤ ስለሆነም ከሱቅ ዱቄት የገዛ ነጋዴ ያ ዱቄት በመብቱ ወሰን ውስጥ መሆን አለመሆኑን በእጁ ካለው ነገር ሊያረጋግጥ አይችልም። ሰዋስዋዊ ግልጽነትና ተግባራዊ ግልጽነት የሚለያዩት እዚህ ነው። ዐረፍተ ነገሩን መረዳትና ወሰኑን ማግኘት አንድ አይደሉም።

ሌላው «ቢመረጥ» የሚለው ነው። በፓተንት አነባበብ ከ«ቢመረጥ» በኋላ የሚመጣ ነገር ወሰኑን አያጠብም፤ 300፣ 340 እና 380 ቢፋቁ የመብቱ ስፋት ያው 250 ነው። ይህን የሚያውቀው የፓተንት ባለሙያ ብቻ ነው። አማርኛ አንባቢ «ከሁሉ ቢመረጥ 380» የሚል ሲያነብ እውነተኛው መለኪያ 380 ነው፣ 250 የመቻቻያ ዳር ነው ብሎ ቢወስድ አይፈረድበትም፤ በአነጋገራችን ምርጡ መጨረሻ ላይ ይመጣልና። ለዚህ በአማርኛ የይገባኛል ጥያቄ ውስጥ ቃሉን ጨርሶ አለማስገባት፣ ጠባቦቹን ቁጥሮችም በተለያዩ ጥገኛ ጥያቄዎች መጻፍ የሚሻል ይመስለኛል። በተመሳሳይ «የያዘ» የሚለው ቃል ሌላ ነገር መጨመርን ይፈቅዳል ወይስ ይከለክላል የሚለው ሳይለይ መተው የለበትም፤ «ብቻ» የምትል አንዲት ቃል የመብቱን ስፋት በግማሽ ልትቀንስ ትችላለች።

የወገን ስሙም እንዲሁ ነው። ኢራግሮስቲስ ከ300 በላይ የሣር ዝርያዎችን ይዟል፤ ሰው የሚዘራው ጤፍ ከእነርሱ አንዱ ነው። የዕፀዋት ተመራማሪ ለሆነ አንባቢ ቃሉ ፍጹም ግልጽ ነው። «የጤፍ ፓተንት» የሚለውን ዜና የሰማ ሰው ግን ወሰኑ ከጤፍ አልፎ እስከ ዱር ሣሩ እንደሚደርስ አልጠረጠረም።

የእንዶድ ንጽጽር

የይገባኛል ጥያቄ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየቱና ከዚያ የተነሣው የቢልሃርዝያ ምርምር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የተሰጠው ከእንዶድ ጋር የተያያዘ ፓተንት የጠየቀው የእንዶድን ተዋጽኦ ተጠቅሞ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ የመቆጣጠር ዘዴን ነው። በዚህ ፓተንት ፍትሐዊነት ላይም ተከራክረንበታል። በግልጽነቱ ግን ልዩነቱ ይታያል። በግሼ ደጋ ነጠላዋን በእንዶድ የምታጥብ ሴት ይህ የይገባኛል ጥያቄ እንደማይመለከታት ያለ ላቦራቶሪ፣ ያለ ጠበቃ ታውቃለች፤ ዜብራ መስል አትገድልምና። ወሰኑ በሚሠራው ሥራ ስለተሰመረ የሚሠራው ሰው ያየዋል። የጤፉ ወሰን የተሰመረው በነገሩ ውስጥ ባለ በማይታይ ባሕርይ ነው።

በመንዝ የጓሳ ሣር መሬት እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በቄሮ ሥርዓት ሲተዳደር፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት፣ ማን ሣር እንደሚያጭድ ተጠቃሚው ራሱ ያውቅ ነበር። ወሰኑን የሚያውቁት ወሰኑ የሚገድባቸው ሰዎች ነበሩ። የፓተንት ሕግ በመርህ ደረጃ የሚጠይቀው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ለአማርኛ የይገባኛል ጥያቄ አጻጻፍ

ከላይ ከተነሣው በመነሣት የጤፉ የይገባኛል ጥያቄ በእኛ ቋንቋ በሚገባ ቢጻፍ ኖሮ እንዴት ይጻፍ ነበር ብሎ መሞከር ይጠቅማል። እኔ እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ጥበቃ የሚጠየቀው ለጤፍ ዱቄት ነው። ዱቄቱ የሚገኘው ከተወቃ በኋላ ከተቀመጠ የጤፍ እህል ሲሆን፣ ከእህሉ ከመፈጨቱ በፊት በነበሩት 24 ሰዓታት ውስጥ የተወሰደ ናሙና የመውደቂያ ቁጥር፣ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚፈላበት የአየር ግፊት ሲለካ፣ ከ250 ሰከንድ አያንስም።» ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው፤ የአንድ ዐረፍተ ነገር ልማድ ለአማርኛ አይመችምና ይለወጥ ባይ ነኝ። «እህሉ» የሚለው ስም በቅጥያ ሳይተካ ተደግሟል። የናሙናው ጊዜ፣ የልኬቱ ሁኔታና አሐዱ ተጽፈዋል። የናሙናው 24 ሰዓት የእኔ ምርጫ ነው፤ ሌላ ሊሆን ይችላል፣ አለመጻፉ ግን አይቻልም።

እንዲህ ሲጻፍ አንድ ነገር ወዲያው ይታያል፦ የይገባኛል ጥያቄው ደካማ ነው። «ከተወቃ በኋላ የተቀመጠ ጤፍ» የሚለውን ያነበበ ማንኛውም የመርሐቤቴ ሰው ይህማ የእኛ ጎተራ ነው ይላል። ቁጥሩ ከፊት ሲሆን ያልታየው ቀዳሚ ዕውቀት፣ ሁኔታው ሲጻፍ ፊት ለፊት ይወጣል። የሔግ ፍርድ ቤት በፈጠራ ብቃት በኩል የደረሰበትን መደምደሚያ መርማሪው በግልጽነት በኩል ከዐሥር ዓመት በፊት ሊደርስበት ይችል ነበር የምለው ለዚህ ነው።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሆን አንድ ሥራ ይቀራል። ከአንድ ማሳ የተሰበሰበ፣ ዝርያው የታወቀ ጤፍ፣ ለምሳሌ ቁንጮ፣ በታጨደ በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ24ኛው ሳምንት በሦስት ከፍታዎች ይለካ፦ በጀማ ሸለቆ ዝቅተኛ ቦታ፣ በዓለም ከተማና በመሐል ሜዳ። የገንዳው ውኃ ሙቀትና የአየር ግፊቱ በየልኬቱ ይመዝገብ። ከውጤቱ የሚፈለገው የትኛው ጤፍ ከ250 በላይ ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ በሦስቱ ቦታዎች መካከል ያለው የሰከንድ ልዩነት፣ የስንዴው ማስተካከያ ለጤፍ መሥራት አለመሥራቱ፣ እህሉ ስንት ሳምንት ሲቆይ ቁጥሩ መጨመር እንደሚያቆም ነው። ሰንጠረዡ ከተዘጋጀ በኋላ በደጋ የተለካ የጤፍ ቁጥር በማንኛውም ፓተንት ቢሮ ፊት ሲቀርብ አብሮት ሊያያዝ ይችላል።